የጨፌ ዲማ ወፍ

«ጌታዬ፣ ሙሉ ቀን አልልዎትም። እስከ ቀትር ብቻ ይልቀቁኝና እናቴን አፈር ላልብሳት» አለ ወልደሰንበት፣ ጋቢውን እንዳደገደገ ከመቶ አለቃው ፊት ቆሞ።

መቶ አለቃ አሻግሬ ከዝግባው ጥላ ስር፣ ከአጥቢያ ዳኛው ቤት በመጣለት ዱካ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገና ቀና አለ።

«አንተን ስለቅህ መቃብሩን ማን ይቆፍራል?»

«ሁለት ጎረምሳ ከጎረቤት ባገኝ።»

«ቃሬዛውንስ?»

«አራት ሰው ይበቃል ጌታዬ።»

«አየህ፣ አንድ ብለህ ጀምረህ ሰባት ደረስክ። ቄሱንና ዲያቆኑን ገና አልጠራህልኝም። አንድ በር ከከፈትኩ ይህ ሜዳ ባዶውን ይቀራል» አለ። ድምፁ ቁጣ የለበትም፤ ወልደሰንበትን ተስፋ ያስቆረጠውም ይኸው ነው። የተቆጣ ሰው ቆይቶ ይበርዳል። ይህ ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። «አዲስ አበባ ላይ መንግሥት ጆሮው ተደፍኖ በዋለ ጊዜ ስንት ሰው እንዳለቀ አልሰማህም? ያቺ ሽቦ የመንግሥት ጆሮ ናት። እናንተ ጥቂት ቀን ሜዳ ላይ ብትቀመጡ ከዚያ አይብስም።»

«እኛ እንቀመጣለን ጌታዬ። ሬሳ ግን አይቀመጥም።»

መቶ አለቃው ወደ መንገዱ ዳር፣ ወደቆመችው ላንድሮቨር ዞር ብሎ አየ። «ወፍ አይደለህ?» አለው በመጨረሻ። «ስም አምጣልኝ። ያን ጊዜ ሁላችሁም ቤታችሁ ትገባላችሁ፣ እናትህንም ዛሬውኑ ትቀብራለህ።»

ነገሩ ሁሉ የመጣው በስልክ ሽቦ ነው። ጨፌ ዲማ ከአዲስ ዓለም ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች መንደር ናት፤ መንግሥት አምቦን ሀገረ ሕይወት ካላት ቆየ፣ የአገሩ ሰው ግን እስከ ዛሬ አምቦ ከማለት አልተመለሰም። የስልኩ እንጨት መንደሯን አቋርጦ ያልፋል። ሽቦው በየጊዜው ይቆረጣል፤ የት እንደሚሄድም ሕፃን ልጅ ያውቃል። የመዳብ አምባር ይሆናል፣ የጠመንጃ ሰደፍ ይጠመጠምበታል። በደህናው ጊዜ ቢሆን አውራጃው ገዢ ይቆጣል፣ ጭቃ ሹሙ ይሰደባል፣ ነገሩ በዚያው ይበርዳል። ዘንድሮ ግን የታኅሣሡ ግርግር ገና ከሰው አፍ አልወረደም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ገና ባለፈ ሳምንት ሽቦው ሲቆረጥ መንግሥት ሽቦ ጠፋ አላለም፤ ሸፈቱብኝ አለ። አውጫጭኝ ታዘዘ።

አውጫጭኝ የቆየ ሥርዓት ነው። ወንድ የተባለ ሁሉ ሜዳ ይወጣል፣ ዙሪያውን ይጠበቃል፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ምግብ በሴቶች እጅ ይመጣል። በግልጽ መናገር ቂም ያመጣልና ሕዝቡ አንድ የሚያምነው ሰው ይመርጣል፤ እሱ «ወፍ» ይባላል። ወፉ ከሕዝቡ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። ሰው ሁሉ በተራ እየሄደ አጠገቡ ይንበረከካል፤ የሚያውቀውም የማያውቀውም እኩል ይቆያል። ከዚያ ወፉ ለዳኛ ስም ይናገራል፣ ማን ነገረህ ሲሉት «ወፍ ነገረኝ» ይላል። ከዚያ በላይ አይጠየቅም፤ የነገረውን ሰው ላያወጣ በመስቀል ምሏል። አዲሱ ሕግ ይህን ሥርዓት አያውቀውም ይባላል። ነገር ግን የቸኮለ መንግሥት አሮጌውንም ዕቃ ቢሆን ይጠቀማል።

የጨፌ ዲማ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ራሱን በራሱ አሰረ። አዋጁ በተሰማ ማግስት የመዳብ አምባር ያላት ሴት ሁሉ ከአያቷ የወረሰችውንም ከገበያ የገዛችውንም እያወለቀች ወንዝ ጣለች፣ ጉድጓድ ቀበረች። የወንዶቹም ጠመንጃ ከነጥምጥሙ ጠፋ። ቀትር ላይ ሴቶቹ አገልግል ይዘው ሲመጡ መቶ አለቃው እጃቸውን አየ። ፀሐይ ያላየው የአንጓቸው ቆዳ በየእጁ እንደ ቀለበት ፈካ ብሎ ይታያል። ብልህ መስሏቸው ያደረጉት ነገር መልሶ አጋለጣቸው። መቶ አለቃውም አገሩ በሙሉ እጁ አለበት ብሎ ደመደመ፤ ማን ይፍረድበት?

ወልደሰንበት ወፍ የሆነው ምስጢር ጠባቂ ነው ተብሎ ነው። ከሜዳው ዳር ካለው ሾላ ግንድ ጀርባ ተቀምጦ የሰው ትንፋሽ ጆሮው ውስጥ ሲሞላ ሰነበተ። አብዛኛው አላየሁም አልሰማሁም ብሎ ተነሣ። አንዳንዱ የድንበር ጠላቱን ስም ጠራ። አንዱ የገዛ አማቹን ሰጠ። አንዱ ደግሞ ከጎጆ ከተማ ለገበያ የሚወርዱትን በግ ነጂዎች በጅምላ ከሰሰ። ወልደሰንበት ይህን ሁሉ ሰምቶ ሆድ ይፍጀው አለ፤ በተንኮል የተጠራ ስም ለመንግሥት አልሰጥም ብሎ ለራሱ ቃል ገብቷል። ሰውም ይህን ስላስተዋለ አክብሮት ነበር። ትናንት ጎሕ ሲቀድ ግን ከመንደሩ ኡኡታ ተሰማ። ከቤቱ አቅጣጫ ነው። ወለተ ማርያም፣ እናቱ፣ ከረጅም ሕመም በኋላ አረፈች።

ሴቶቹ አጥበው ገነዟት። መቆፈርና መሸከም ግን የወንድ ሥራ ነው፣ ወንድ ደግሞ ጨፌው ላይ ነው። ሚስቱ እታገኝ ዛሬ ጠዋት ምግብ ይዛ ስትመጣ ሬሳው እንዲቀዘቅዝ እርጥብ የእንሰት ቅጠል ከሥሯ እያነጠፉላት መሆኑን ነገረችው። ሌላም ልትናገር ፈልጋ ተወችው። እሱም አልጠየቃትም። ክርስቲያን በሞተ ዕለት ይቀበራል፤ እናቱ ግን እንደ ተረሳ ዕቃ ቤት ውስጥ ተጋድማለች። ውርደቱ ከሐዘኑ ባሰበት።

ከመቶ አለቃው ፊት ተመልሶ ሾላው ስር በተቀመጠ ጊዜ ተራው የዲንሳ ነበር። ዲንሳ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ሲስቅ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነው። እናቱ እሱን በወለደች ሰሞን ሞተች፤ ያኔ ወለተ ማርያም ወልደሰንበትን ታጠባ ነበርና ሕፃኑን ወስዳ አንዱን ጡት ለአንዱ፣ ሌላውን ለሌላው አድርጋ አሳደገቻቸው። ዲንሳ በቁመት ስለበለጠ የግራው ጡት ወተት ይሻል ነበር እያሉ ጎረቤቶች ዕድሜ ልካቸውን ሲቀልዱባቸው ኖሩ። ወንድማማቾቹ ጡቱን እኩል ተካፈሉ። መሬቱ ግን በወልደሰንበት በኩል ቀረና ዲንሳ የእሱው ሲሶ አራሽ ሆነ። ስለዚህ ነገር አንድ ቀንም ተነጋግረው አያውቁም።

ዲንሳ ተንበረከከ። ከዚህ በፊት ሁለቴ መጥቶ ዝም ብሎ ተነሥቷል። ዛሬ ግን አፉን ወደ ወልደሰንበት ጆሮ አስጠጋ።

«ያ ወልዴ፣ ሃርሜን መቼ ነው የምንቀብራት?» አለው። በኦሮምኛው እናቴ ሲል ሃርሜ ነው የሚላት፤ እሷም በዚያው ትጠራበት ነበር።

«ስም ሲገኝ።»

«እንግዲያው ስም ያዝ። ዲንሳ በል።»

ወልደሰንበት የሰማውን አላመነም። «አብደሃል? ሽቦው የተቆረጠ ለት ከእኔ ጋር አውድማ ላይ ጤፍ ስትጠብቅ አላደርክም?»

«ይህን የምታውቅ አንተ ነህ። አንተ ደግሞ ወፍ ነህ፤ ወፍ ለማንም አይመሰክርም» አለ ዲንሳ፣ ቀልድ በሚመስል ድምፅ። ወዲያው ግን ተወው። «ስማኝ፣ ቀልዴን አይደለም። ክምሩን ከብት እየበላው ነው፣ ነገ ከነገ ወዲያ የሚወቃ ነገር አይኖረንም። ሃርሜ ደግሞ እዚያ ተጋድማለች። ሽቦ ምን ያህል ቢያወጣ ነው? ወይፈኔን ሸጬ እክሳለሁ። ሽማግሌ ይገባል፣ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ፣ ይታረቁኛል። የደጃዝማቹ በሬ የጠፋ ጊዜስ እንዲህ አልነበር ያለቀው?»

ያን ጊዜ እንዲያ ነበር ያለቀው። በሬው ተካሰ፣ ሌባና ባለበሬ አንድ ገበታ ቀረቡ። ዲንሳ የሚያውቀው አውጫጭኝ ያ ነው። ወልደሰንበት ግን ላንድሮቨሯ ውስጥ ያለውን ሰንሰለት አይቷል። ከአምቦ የመጣ ነጋዴ አዲስ አበባ ላይ ሰው እንዴት እየታደነ እንደሆነ ሲያወራም ሰምቷል። ነገሩ የበሬ ነገር እንዳልሆነ ያውቃል። «ይህ እንደዚያኛው አይደለም፤ ይወስዱሃል» ማለት ነበረበት። ሊልም አፉን ከፍቶ ነበር።

በዚያው ቅጽበት ከመንደሩ የሴቶቹ ሙሾ እንደ አዲስ ተነሣ። ድምፃቸው ሰልሏል። ወልደሰንበት የእንሰቱን ቅጠል አሰበ፣ እታገኝ ልትናገር ጀምራ የተወችውን ነገር አሰበ፣ አፉንም ገጠመ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እሱ ግን ከጭንቁ ይልቅ ያሳፈረው መገላገሉ ነው። ወንድሙ ልሙትልህ ሲለው ሆዱ ውስጥ እፎይ ያለ ነገር ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ ዲንሳ ሊነሣ ሲል። «ሰው ሌባ ቢለኝ ግድ የለም፣ ሲቆይ ይረሳል። ሚስቴ ጉዴ ግን እንዳታምን። ለእሷ ንገራት። ለእሷ ብቻ። ማሎ፣ ወልዴ፣ ይህን አደራ።»

«እነግራታለሁ።»

«በሃርሜ ማልልኝ።»

«በእናቴ» አለ ወልደሰንበት።

መቶ አለቃ አሻግሬ ስሙን ሲሰማ ብድግ አላለም። «ማን ነገረህ?» አለ እንደ ሥርዓቱ።

«ወፍ ነገረኝ።»

«እውነት ነው?»

 መቶ አለቃው መልስ ሳይጠብቅ የወልደሰንበትን ፊት መረመረና ዓይኑን ራሱ ቀድሞ አነሣ። «እስከ ነገ ሰው ካልላክሁ ራሴ ሄጄ ቃል እንድሰጥ ታዝዣለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «እናንተን እኔ ከበብኩ፣ እኔን ደግሞ ሌላ ከቦኛል። ስለዚህ አልመረምርህም። ግን አንድ ነገር ያዝልኝ፤ ነገሩ ውሸት ነው የሚል ሰው ከመንደርህ ከመጣ አገሩን እንደገና እዚሁ እሰበስባለሁ። ያን ጊዜ ቀብርም ውቂያም የለም። አንተም ወፍ አትሆንም።»

ዲንሳን ከሰው መሐል ሲያወጡት ራሱ እጁን ዘረጋላቸው። ፈገግ ለማለትም ሞከረ። ሰንሰለቱ ሲገባ ግን ፊቱ ተለወጠ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ አየ፤ ከመሐላቸው አንድ ዋስ እነሆኝ የሚል፣ አንድ ስለ እግዚአብሔር የሚል ይነሣል ብሎ የጠበቀ ይመስላል። ማንም አልተነሣም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እየተባለ የተረተበት አገር ያን ቀን ሃምሳውንም ለአንድ ሰው አሸክሞ ጋቢውን አራገፈ።

«ለስንት ቀን ነው?» ሲል ጠየቀ ዲንሳ።

ከመቶ አለቃው ጋር የመጣው ሃምሳ አለቃ ወደ መኪናው ገፋ አደረገው። «ከሀገረ ሕይወት ወደ አዲስ አበባ ትሄዳለህ። እዚያ ይነግሩሃል» አለው። ዲንሳ አንገቱን አዙሮ ወልደሰንበትን ፈለገ። ወልደሰንበት ግን በዚያን ሰዓት ቀባሪ ሰዎች ሲመርጥ ነበር፣ ወይም የሚመርጥ እንዲመስል አጎንብሶ ነበር።

ከጨፌው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም። ያም ሆኖ ሰው ቃሬዛውን ተሸክሞ እስኪደርስ ወሬው አድጎ አለቀ። አንዱ ዲንሳን ከስልኩ እንጨት ስር አይቼው ነበር አለ። ሌላው ድሮም ዓይኑ አያምረኝም ነበር አለ። ከሽፍቶች ጋር እንደሚላላክ የሰማም ተገኘ። የሚናገሩት ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሦስት ቀን ሜዳ ላይ የቆየ ሰው የተፈታበት ነገር እውነት እንዲሆንለት ይፈልጋል። ወልደሰንበት የቃሬዛውን ፊት ይዞ ሁሉንም ሰማ። እናቱ በሕይወት ብትኖር አፋቸውን ታስይዛቸው ነበር ብሎ አሰበ፣ በዚያችው አሳብም ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ። ሰው ለእናቱ ያለቀሰ መሰለው።

ቄሱ ጸሎቱን አሳጥረው ጨረሱ፤ ያጠሩበትን ምክንያት በዙሪያው የቆመ ሁሉ ያውቀዋል፣ ነጠላውን ወደ አፍንጫው ያላስጠጋ አልነበረም። አፈሩ ተመለሰ። ወንዶቹ ዓይናቸው አውድማቸው ላይ ነው፤ ለቅሶ ደረስን ለማለት ያህል ከግቢው ጥላ ስር ቁጭ ቁጭ አሉ። ሃምሳ አለቃውም ሽቦውን ሊጠብቅ ከሁለት ፖሊስ ጋር ቀርቷልና ከአጥሩ ዳር ቆሞ ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር ያያል።

ጉዴ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። ባሏ የተወሰደው እሷ ከወንዝ ውሃ ስትቀዳ ሳለች ነበርና ወሬውን የሰማችው ከመንገድ ነው። ቢሆንም የለቅሶ ንፍሮዋን ቀቅላ፣ በሰፌድ አድርጋ፣ ነጠላዋን አገልድማ መጣች፤ ሟቿ የባሏ እናት ናትና ባዶ እጇን አትመጣም። ሴቶቹ ጥግ ጥግ ሲይዙላት አላየች መስላ አለፈች። ከወልደሰንበት ፊት ደርሳ ሰፌዱን መሬት አስቀመጠችና ተንበረከከች። አምባሯ የነበረበት አንጓዋ ላይ ያ ፈካ ያለ ምልክት አለ።

«ኦቦ ወልደሰንበት፣ እግዚአብሔር ያጽናዎ» አለች።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«ዲንሳ ያን ሌሊት አውድማ ልጠብቅ ብሎ ከቤት መውጣቱን እኔ አውቃለሁ፣ ከእርስዎ ጋር ማደሩን እርስዎ ያውቃሉ። ማን ነው ስሙን የሰጠው?» ድምፅዋን አላነሣችም። «ሰውየውን ብቻ ይንገሩኝ። ሌላ አልጠይቅም። በእግሬ አምቦ ሄጄ ከፍርድ ቤቱ ደጅ እጮሃለሁ። ውሸት መሆኑን ካወቁ ወደ አዲስ አበባ ሳይወስዱት ይለቁት ይሆናል።»

ይለቁት ይሆናል። ወልደሰንበት ይህን ለራሱ ሳይናገረው ውሎ ነበር፤ አሁን ከእሷ አፍ ሲሰማው እውነት መሆኑን አወቀ። ራሱ ነው የነገረኝ፣ ለእናቴ ሲል ነው ቢላት ጉዴ ዛሬውኑ ትነሣለች፣ የሚያቆማት የለም። ምናልባት ዲንሳ ይመለሳል። ምናልባትም መቶ አለቃው እንዳለው ሁሉም ነገ ጠዋት ጨፌው ላይ ይሰበሰባል፣ እሱ ራሱ ሰንሰለቱን ያጠልቃል። ሁለት ምናልባት ናቸው። አንደኛው በወንድሙ በኩል ነው፣ ሌላው በእሱ በኩል። በአጥሩ ዳር ሃምሳ አለቃው ወደ እነሱ ዞሯል። ከጥላው ስር የተቀመጡት ወንዶችም ጨዋታቸውን አቁመዋል።

«ወፍ ነው» አለ ወልደሰንበት።

ጉዴ አልጮኸችም። አንገቷን ደፍታ ንፍሮውን በጣቷ አስተካከለች። እንዲህ ያለ መልስ ከሌላ ሰው ቢመጣ ትሰድበው ነበር፤ ከእሱ ግን አልጠበቀችም።

«እሺ፣ ይሁን» አለች። «እርስዎ ከአጠገቡ ነበሩ። ሲወስዱት አይተዋል። ለእኔ የተወው ቃል የለም? አንዲት ቃል እንኳ ለጉዴ ንገርልኝ አላለም?»

ማለቱንማ ብሏል። በዚያች አዲስ አፈር በለበሰችው ሴት ስም አስምሎ ነው ያለው።

ከሰፌዱ ንፍሮ ሰው አልዘገነም ነበር። እታገኝ እንኳ ለለቅሶኞቹ ስታዞር የጉዴን ሰፌድ ዘላው ነው ያለፈችው። ወልደሰንበት እጁን ዘረጋና ሙሉ ጭብጥ አፈሰ። አፉ ውስጥ ጨመረው፣ ጉንጩ እስኪነፋ ሞላው። አፉ የሞላ ሰው አይናገርም፣ ተናገርም አይባልም። ባቄላው ጠንካራ ነበር፤ ቀስ ብሎ ያኝክ ጀመር። ጉዴ ተንበርክካ ጠበቀችው። የሚውጠው ሲያልቅበት፣ ቀና ብላ ልትጠይቀው አፏን ስትከፍት፣ ወልደሰንበት ዳግመኛ እጁን ወደ ሰፌዱ ሰደደ።